ጆርጅ ኢስትማን እና የኮዳክ ስም፦ የደንበኛ ታማኝነት እንዴት ተገነባ? እንዴትስ ጠፋ?

በማርኬቲንግ ትምህርታችን ደጋግመን ከምንሰማቸው ቃላት አንዱ ብራንድ ሎያሊቲ፣ ማለትም ደንበኛ ለአንድ የንግድ ስም ያለው ታማኝነት ነው። ለፈተና ስንል ትርጉሙን እንሸመድደዋለን፣ ዓይነቶቹንም አንድ ሁለት እያልን እንዘረዝራለን። ይሁን እንጂ ይህ ታማኝነት ከየት እንደሚመጣና በምን እንደሚጠፋ ለመረዳት የአንድን ነጋዴ ሕይወት ከሥሩ ጀምሮ መመልከት ከብዙ ትርጉም የሚሻል ይመስለኛል። ዛሬ ዲጂታል ካሜራ የሚገዙ ሰዎች አንዱ ካነን፣ ሌላው ኒኮን፣ ሌላው ደግሞ ሶኒ እያሉ ይከራከራሉ። ካሜራን በስሙ ጠርቶ መግዛትን ለሰፊው ሕዝብ ያስለመደው ግን ከነዚህ ሁሉ በፊት የነበረ አንድ አሜሪካዊ የባንክ ጸሐፊ ነው። ስሙ ጆርጅ ኢስትማን ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ልጅነትና የሥራ ጅማሮ

ጆርጅ ኢስትማን ሐምሌ 12 ቀን 1854 በኒውዮርክ ግዛት ዋተርቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ በሮቸስተር ከተማ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ከፍቶ ያስተምር ነበር። ቤተሰቡ ወደዚያው ከተማ ከተዛወረ ብዙም ሳይቆይ ግን በ1862 አባትየው ሞተ። እናቱ ማሪያ ኪልበርን ሦስት ልጆች ይዛ ቀረች። ቤቷን ለተከራዮች ከፍታ፣ እያበሰለችና እያጠበች ልጆቿን ማሳደግ ያዘች። ከልጆቹ አንዷ በፖሊዮ ምክንያት በተሽከርካሪ ወንበር ትንቀሳቀስ ነበር፤ እሷም በ1870 አረፈች። ጆርጅ በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በአንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ። ደመወዙ በሳምንት 3 ዶላር ነበር። እናቱ ስትለፋ ማየት ያንገበግበው ስለነበር ማታ ማታ ሂሳብ አያያዝ ያጠና ነበር። በ1874 የሮቸስተር ቁጠባ ባንክ በጸሐፊነት ቀጠረው፤ ደመወዙም በሳምንት 15 ዶላር ደረሰ።

ወደ ፎቶግራፍ የገባው በአጋጣሚ ነው። በ1877 ለሥራ ጉዳይ ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ ለመሄድ አስቦ ጉዞውን በፎቶ ለማስቀረት ሙሉ ዕቃ ገዛ። ጉዞው ሳይሳካ ቀረ፤ ዕቃው ግን እጁ ላይ ቀረ። በዚያ ዘመን ፎቶ ማንሳት የዋዛ ሥራ አልነበረም። ካሜራው ግዙፍ ነው፤ ከባድ ማቆሚያ አለው። መስታወቱን እዚያው ቦታ ላይ በኬሚካል መቀባት፣ ሳይደርቅ ማንሳት፣ ወዲያውም ማጠብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ድንኳንና የኬሚካል ጠርሙስ ተሸክሞ ነበር የሚዞረው። ኢስትማን አሠራሩን ለመማር ብቻ 5 ዶላር ከፍሏል። ያኔ በሐሳቡ የገባው ጥያቄ ቀላል ነበር፦ ይህ ሁሉ ሸክም ለምን?

በእንግሊዝ መጽሔቶች ላይ በጄላቲን ስለሚሠራ ደረቅ የመስታወት ሳህን አነበበ። ይህ ዓይነቱ ሳህን አስቀድሞ ተቀብቶ ስለሚደርቅ በፈለጉት ጊዜ መጠቀም ይቻላል። ኢስትማን ቀን በባንክ እየሠራ፣ ሌሊት በእናቱ ማድ ቤት ኬሚካል እየቀላቀለ መሞከር ጀመረ። አንዳንዴ ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ምድጃው አጠገብ ያድር ነበር። በ1879 ሳህን የሚቀባ ማሽን ሠርቶ ለንደን ድረስ በመሄድ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጣ። በ1880 ሮቸስተር ውስጥ የአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ተከራይቶ ማምረት ጀመረ። በጥር 1881 ከእናቱ ተከራዮች አንዱ የነበረው የአለንጋ አምራቹ ሄንሪ ስትሮንግ ገንዘብ አውጥቶ ሸሪክ ሆነው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ኢስትማን ባንኩን ለቀቀ። በባንኩ የሚገባው የነበረ ዕድገት ለአንድ የኃላፊ ዘመድ መሰጠቱም ውሳኔውን እንዳፋጠነው ይነገራል።

የተበላሹት ሳህኖች

ለኛ ለማርኬቲንግ ተማሪዎች የዚህ ሰው ሕይወት ዋናው ፈተና የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በ1882 መጀመሪያ ላይ ከነጋዴዎች አቤቱታ ይጎርፍ ጀመር። የኢስትማን ሳህኖች ብርሃን አይቀበሉም፤ ፎቶ አንሺው አንስቶ ሲያጥብ ምንም ነገር አያገኝም። ዕቃው ከፋብሪካው ወጥቷል፤ ገንዘቡም ተከፍሏል። ጥፋቱ የአከማቹ ነው፣ የፎቶ አንሺው ነው፣ ወይም የአየሩ ነው ብሎ መከራከር ይቻል ነበር። በዚያ ዘመን የሸማቾች መብት ጥበቃ ሕግ አልነበረም፤ ማንም የሚያስገድደው አልነበረም።

ኢስትማን ግን የተበላሹትን ሳህኖች ሁሉ መልሶ ተቀበለ። በደህናዎቹ ሊተካ ወይም ሂሳቡን ሊያስተካክል ተስማማ። ኩባንያው ገና ከተቋቋመ አንድ ዓመቱ ስለነበር ይህ ውሳኔ ካዝናውን ሊያራቁተው ጥቂት ነበር የቀረው። ፋብሪካውን ዘግቶ ጥፋቱን ፍለጋ ገባ። ሙከራ በሙከራ ላይ ቢደራርብም መፍትሔ አጣ። በመጨረሻ ከስትሮንግ ጋር ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ኒውካስል በሚገኘው የሞውሰንና ስዋን ድርጅት አሠራሩን አይቶ፣ ቀመሩንም ገዝቶ ተመለሰ። ለካስ ጥፋቱ የመጣው ይገዛው ከነበረው ጄላቲን ኖሯል። ከዚያ በኋላ ጥሬ ዕቃ ሳይፈተሽ ወደ ሥራ እንዳይገባ አደረገ።

ከዚህ ክስተት የወሰደው ትምህርት ዕድሜ ልኩን አብሮት ኖሯል። ሳህኖቹን መልሶ መውሰድ ኪሱን ባዶ ቢያደርገውም የተረፈለት ስም ከጠፋው ገንዘብ እንደሚበልጥ ያምን ነበር። በአጭሩ ነጋዴዎቹ ስለሱ አንድ ነገር አወቁ፤ ይህ ሰው የሸጠው ዕቃ ቢበላሽ አይክድም። በማስታወቂያ ሊገዛ የማይችል እውቀት ይሄ ነው።

እዚህ ላይ ኢስትማንን መልአክ አድርገን እንዳንስለው ያስፈልጋል። ከ1892 ጀምሮም ሌላ ችግር ገጥሞታል። ዋናው ኬሚስቱ ሄንሪ ራይከንባክና ጓደኞቹ ተፎካካሪ ድርጅት ለማቋቋም ሲዶልቱ ደረሰባቸውና አባረራቸው። ከዚያ በኋላ የፊልሙ ጥራት ወረደ፤ ደንበኛውም ቅሬታ አበዛ። ነገሩ የተስተካከለው በ1894 ዊልያም ስቱበር የሚባል ፎቶ አንሺ ሲቀጠርና ቀመሩን ሲያሻሽል ነው። ስም አንዴ ስለተገነባ ለዘላለም አይቆምም፤ በየዓመቱ እንደገና መሥራት ይፈልጋል።

ኮዳክ የሚለው ስም

በ1885 ከዊልያም ዎከር ጋር ሆኖ በመስታወት ፈንታ ጥቅል ወረቀት የሚይዝ መሣሪያ አወጣ። የሙያው ሰዎች ግን ብዙም አልተቀበሉትም፤ መስታወቱ የተሻለ ጥራት ይሰጣቸው ነበርና። ያኔ ኢስትማን ትልቁን ውሳኔ ወሰነ። ባለሙያውን ትቶ ፎቶ አንስቶ ለማያውቀው ሕዝብ መሸጥ!

በ1888 አዲሱን ካሜራ ለገበያ አቀረበ። ስሙንም ኮዳክ አለው። ቃሉ በየትኛውም ቋንቋ ምንም ትርጉም የለውም፤ ራሱ የፈጠረው ነው። ኬ የሚለውን የላቲን ፊደል ይወደው ነበር፤ የእናቱ የአባት ስም የሚጀምረውም በዚሁ ፊደል ነው። ስሙ አጭር እንዲሆን፣ ማንም አሳስቶ እንዳይጠራው፣ ከሌላ ዕቃ ስም ጋርም እንዳይምታታ አስቦ የመረጠው ነው። ዛሬ ክፍል ውስጥ ጥሩ የብራንድ ስም መመዘኛ ብለን የምንማራቸውን ነጥቦች ሰውዬው ያለ መምህር ደርሶባቸው ነበር።

ካሜራው 25 ዶላር ያወጣል። ይህ ዋጋ ኢስትማን ተላላኪ በነበረበት ጊዜ ወደ ሁለት ወር የሚጠጋ ደመወዙ ነው፤ ስለዚህ ገና የድሃ ዕቃ አልነበረም። ውስጡ 100 ፎቶ የሚያነሳ ጥቅል ፊልም ገብቶ ይሸጣል። ገዢው አንስቶ ሲጨርስ ካሜራውን እንዳለ ከ10 ዶላር ጋር ወደ ሮቸስተር ይልካል። ፋብሪካው ፊልሙን አጥቦ፣ ፎቶዎቹን አትሞ፣ አዲስ ፊልም ሞልቶ ካሜራውን ይመልስለታል። የኩባንያው ማስታወቂያ ያስተላለፈው መልእክት ከገዢው የሚጠበቀው ቁልፉን መጫን ብቻ እንደሆነ፣ የቀረውን ሥራ ኩባንያው እንደሚጨርስ ነበር።

ልብ በሉ! ኢስትማን የሸጠው ካሜራ ብቻ አይደለም። ሰው የልጁን፣ የእናቱን፣ የሠርጉን መልክ ያለበትን ፊልም በፖስታ ቤት በኩል ለማያውቀው ፋብሪካ ይልካል። ፊልሙ ቢበላሽ ያ ቀን ተመልሶ አይመጣም። እንዲህ ያለ ነገር በእምነት ካልሆነ በምንም አይሠራም። የኮዳክ ደንበኛ ታማኝነት መሠረቱ እዚህ ላይ ነው፤ ቁልፉ ከተጫነ በኋላ ባለው ሥራ ላይ።

የአንድ ዶላሯ ካሜራ

በ1889 ግልጽ የሴሉሎይድ ፊልም ወጣ። በ1892 ድርጅቱ ኢስትማን ኮዳክ ኩባንያ ተባለ። በ1897 ለንደን ትራፋልጋር አደባባይ ላይ በኤሌክትሪክ የሚበራ የኮዳክ ማስታወቂያ ተሰቀለ። በ1900 ደግሞ ብራውኒ የተባለችው ካሜራ መጣች። ዋጋዋ 1 ዶላር፣ ፊልሟ 15 ሳንቲም ነበር። የታሰበችውም በተለይ ለልጆች ነው። ስሟ ራሱ የልጆች መጻሕፍት ሠዓሊ የነበረው ፓልመር ኮክስ ከሚስላቸው ትንንሽ ፍጡራን የተወሰደ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ100 ሺህ በላይ ተሸጠች።

የብራውኒ ስሌት ግልጽ ነው። ከካሜራው የሚገኘው ትርፍ ጥቂት ነው፤ ገንዘቡ ያለው በፊልሙ ላይ ነው። በልጅነቱ በኮዳክ ማንሳት የጀመረ ሰው ሲያድግም የሚያውቀውን ቢጫ ካርቶን ነው የሚጠይቀው። በ1930 ኩባንያው 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር በአሜሪካና በካናዳ በዚያ ዓመት 12 ዓመት ለሚሞላቸው ልጆች ግማሽ ሚሊዮን ያህል ካሜራ በነፃ አድሏል። ስጦታ ነው፤ ለወደፊቱ ገበያ የተዘራ ዘርም ነው።

ስሙ እጅግ ከመግነኑ የተነሳ ሕዝቡ ማንኛውንም ካሜራ ኮዳክ ብሎ ይጠራ ጀመር። እኛ የማንኛውንም ፋብሪካ የውሃ ፕላስቲክ ሃይላንድ እንደምንለው ማለት ነው። ይህ ለባለ ስሙ ክብርም አደጋም ነው፤ የሁሉም የሆነ ስም የማንም አይሆንምና። ስለዚህ ኩባንያው ኢስትማን ያልሠራው ካሜራ ኮዳክ እንዳልሆነ በማስታወቂያ ደጋግሞ ለማሳሰብ ተገደደ።

የታጠረው ገበያ

እስካሁን ያየነው የተገኘ ታማኝነት ነው። የታጠረ ታማኝነትም ነበር። ኢስትማን ተፎካካሪዎችን ይገዛል፤ የፈጠራ መብቶችን ይሰበስባል። የኮዳክን ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ የሌላ ድርጅት ተመሳሳይ ዕቃ እንዳይሸጥ፣ ዋጋም እንዳይቀንስ በውል ያስር ነበር። ገዢው ሱቅ ገብቶ ኮዳክ ሲገዛ ወዶት ይሁን ሌላ አጥቶ በምን ይታወቃል? የአሜሪካ መንግሥት በ1913 ኩባንያውን በሞኖፖል ከሰሰው፤ በ1915 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለው፤ በ1921 ኩባንያው የተወሰኑ ፋብሪካዎቹንና የንግድ ስሞቹን ለመሸጥ ተስማማ።

ሌላም አለ። ሃኒባል ጉድዊን የተባሉ የኒውአርክ ቄስ በ1887 የሴሉሎይድ ፊልም የፈጠራ መብት ጠይቀው ነበር። ክርክሩ ተጓቶ መብቱ የተሰጣቸው በ1898 ነው፤ በ1900 ደግሞ ሞቱ። መብታቸውን የገዛው ተፎካካሪ ድርጅት ኮዳክን ከሶ በ1914 ረታ፤ ኮዳክም 5 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ለተበላሸ ሳህን ሳይጠየቅ የከፈለው ሰው ለቄሱ ፊልም የከፈለው ፍርድ ቤት ካስገደደው በኋላ ነው። ከደንበኛ ጋር ያለ ሐቀኝነትና ከተፎካካሪ ጋር ያለ ሐቀኝነት ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ከዚህ እንረዳለን።

ሀብቱና መጨረሻው

ኢስትማን ትዳር አልያዘም። ከእናቱ ጋር ኖረ፤ እሷም በ1907 ስትሞት እጅግ አዘነ። በ1912 ኬኔት ሚስ የተባለውን እንግሊዛዊ ሳይንቲስት አስመጥቶ የምርምር ላቦራቶሪ አቋቋመ። በዚያው ዓመት ከኩባንያው ትርፍ ለሠራተኛ ማካፈል ጀመረ። በ1919 ደግሞ ከራሱ አክሲዮን ሲሶውን፣ ማለትም 10 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት፣ ለሠራተኞቹ ሰጠ። ለማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሚስተር ስሚዝ በሚል የተደበቀ ስም ብዙ ሚሊዮን ዶላር ለገሰ፤ ሰጪው እሱ መሆኑ የታወቀው በ1920 ነው። ዕድሜውን ሙሉ ስምን ለሕዝብ ሲያስተዋውቅ የኖረ ሰው በስጦታው ላይ ስሙን መደበቁ ያስገርማል። ለሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ፣ ለጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ለተቋቋሙት ለተስኪጊና ለሃምፕተን፣ በለንደን፣ በሮም፣ በፓሪስ፣ በብራሰልስና በስቶክሆልም ላሉ የልጆች የጥርስ ክሊኒኮችም ሰጥቷል። በአጠቃላይ የሰጠው ከ100 ሚሊዮን ዶላር ይበልጣል። በ1926 እና በ1928 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥቶም ነበር፤ ለአደንና ለጉብኝት።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት የአከርካሪ ሕመም አሠቃየው፤ መራመድ እንኳ ተሳነው። መጋቢት 14 ቀን 1932 በ77 ዓመቱ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። ለወዳጆቹ በተወው አጭር ማስታወሻ ሥራውን እንደጨረሰ፣ ከዚያ በላይ የሚጠብቅበት ምክንያት እንዳልታየው ገልጾ ነበር።

ከሱ በኋላ ስሙ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የኢስትማን ስምም እንዲሁ ዋለ። ኩባንያው በ1935 ኮዳክሮም የተባለውን የቀለም ፊልም አወጣ። የቀለም ፊልም ሲሸጥ የማጠቢያው ዋጋ አብሮ ይከፈል ስለነበር ገዢው ፊልሙን መልሶ ለኮዳክ መላኩ ግድ ነበር። ይህም አጥር ሆኖ ስለተገኘ መንግሥት በ1954 ሁለቱ ተለያይተው እንዲሸጡ አደረገ።

በ1975 ስቲቨን ሳሰን የሚባል የኮዳክ ወጣት ኢንጂነር ያለ ፊልም የሚሠራ ካሜራ ሠራ። አንድ ፎቶ በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። ይህ የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ ነው። ዲጂታል ከኮዳክ ቤት ተወልዶ ኮዳክን መጣሉ ሁሌ ይነገራል፤ ኩባንያው አልሞከረም ማለት ግን ስህተት ነው። በ1991 በኒኮን ካሜራ ላይ የተገጠመ ለባለሙያ የሚሆን ዲጂታል ካሜራ ሸጧል። በ2001 ኢዚሼር የተባሉትን አውጥቶ በ2005 በአሜሪካ ገበያ አንደኛ ሆኖ ነበር። የስሙ ኃይል እስከዚያ ድረስ ወስዶታል። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ኋላ እየቀረ ሄደ። በጥር 2012 ለፍርድ ቤት የኪሣራ ጥበቃ ማመልከቻ አስገባ፤ በየካቲት ዲጂታል ካሜራ መሥራቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ከ2013 ወዲህ በገበያ ላይ የምናየው ኮዳክ የሚል ዲጂታል ካሜራ ስሙን በፈቃድ የተከራየ ሌላ ድርጅት የሚያወጣው ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ ታማኝነት የት ሄደ? እንደኔ አስተያየት ደንበኛው ከዳተኛ ስለሆነ አይደለም። የኮዳክ ደንበኛ ያመነው ቁልፉ ከተጫነ በኋላ ያለውን ሥራ ነበር። በዲጂታል ካሜራ ግን ያ ሥራ የለም። የሚላክ ፊልም የለም፤ ፎቶው ወዲያው ይታያል፤ ቢበላሽ ይሰረዛል። እምነት የሚጠይቀው ነገር ሲጠፋ እምነቱም ሥራ ፈታ።

የዲጂታል ካሜራ ገዢ ታማኝነት ያረፈው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ በሌንሱ ላይ። የኒኮን ሌንስ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የገዛ ሰው ካሜራውን ሲለውጥም ወደ ኒኮን ይመለሳል፤ ሌንሱ ለሌላው በቀጥታ አይገጥምለትምና። ኒኮን ከ1959 ጀምሮ የያዘውን የሌንስ መግጠሚያ ለብዙ አሥርት ዓመታት አለመቀየሩ ለስሙ ትልቅ ድጋፍ ሆኖታል። ካነን ደግሞ በ1987 መግጠሚያውን ሙሉ በሙሉ ሲለውጥ የቀድሞ ደንበኞቹን አስቀይሟል፤ አዲሱ ሥርዓት የተሻለ ስለነበር ግን ብዙዎችን መልሶ አግኝቷል። እዚህም ላይ ያው ጥያቄ ይመጣል። ሰውዬው የሚመለሰው አምኖ ነው ወይስ ታጥሮ?

ማጠቃለያ

የሽያጭ ቁጥር ይህንን ጥያቄ አይመልስልንም። ያመነም የታጠረም ደንበኛ ሪፖርት ላይ እኩል ይቆጠራሉ፤ ሁለቱም ተመልሰው ገዝተዋልና። ልዩነቱ የሚታየው አጥሩ የፈረሰ ቀን ነው። ኢስትማን በ1882 ሳህኖቹን መልሶ ሲወስድ ምንም አጥር አልነበረውም፤ ነጋዴዎቹ በማግስቱ ወደ ሌላ አምራች መሄድ ይችሉ ነበር። አብዛኛውን ስሙን የሠራው ያኔ ነው። ከ30 ዓመት በኋላ ሁሉንም በውል ሲያስር ደግሞ ደንበኛው ወዶት ይሁን ተገዶ ራሱም በእርግጠኝነት ማወቅ የሚችል አይመስለኝም።

ስለዚህ ነገ ተመርቀን በየድርጅቱ ስንቀጠር፣ ደንበኞቻችን ታማኝ ናቸው የሚል ሪፖርት ከመጻፋችን በፊት አንድ ነገር ብንጠይቅ መልካም ነው። ነገ ጠዋት መሄጃ ቢያገኙ ስንቶቹ ይቀራሉ? የተበላሸ ዕቃ ይዘው ሲመጡስ ምን ብለን ነው የምንቀበላቸው?